መበለቲቱ ሴት አትወስድም

በመንደራችን በባን ኖን ፔክ በሩ ላይ ቀይ ሸሚዝ ያልተሰቀለበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የቡዋላይ ቤት። ሌሎቻችን ሁላችን ሰቅለናል። በሸሚዙ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም "እዚህ ቤት ወንድ የለም" ብለን እንጽፋለን። ከዚያ ባለቤቱ፣ ጢሙ እንደ መጥረጊያ የቆመ ወንድ፣ ከሸሚዙ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሲጋራውን ሲያቦን ይውላል። መበለቲቱ ማንበብ ተምራ ማየት ያቃታት መንፈስ ናት መሰለኝ።

ባል ሳትጠግብ የሞተች ሴት ናት ይሏታል። ባል ፍለጋ ትዞራለች፤ ተኝቶ ያገኘችው ጎበዝ ደረት ላይ ተቀምጣ ነፍሱን ትወስዳለች። ራቱን በልቶ፣ ቀልዶና ስቆ የተኛ ልጅ እግር ጠዋት ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ እኛ ወንዶቹ ሴት እንድንመስላት የእጃችንን ጥፍር ቀይ እንቀባለን። አንዳንዱማ የሚስቱን ቀሚስ ለብሶ ይተኛል። እኔ ቡንሶም፣ የጭነት መኪና ነጂ፣ ቀይ ጥፍሬን መሪው ላይ ጭኜ ከተማ ስገባ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እነሱ የቀበሩት ወንድም የላቸውም።

ቡዋላይን ግን ስለ ሸሚዙ እንዳትጠይቋት። አንዱ ነጋዴ ምንጣፍ ሊገዛ መጥቶ "እትዬ፣ እርስዎስ ለምን አልሰቀሉም?" አላት። ምንጣፉን ከእጁ ነጥቃ "ሂድ! ከሸሚዝ ጋር የሚነጋገር ሰው ከእኔ ጋር ምን ያደርጋል!" ብላ አባረረችው። እኔ ከማዶ ቆሜ ሳቅሁ። መሳቄ ያን ጊዜ ነበር።

ቡዋላይ የመጣችው ከቺ ወንዝ ማዶ ነው። በእኛ ወግ ሙሽራው ነው ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው፤ ቤትም የሴት ልጅ ነው። እሷ ግን ወላጆቿ ሞተውባት፣ መሬትም ሳይኖራት ቀርቶ፣ ቶንግዲን ተከትላ እዚህ መጣች። ሰው የረገጠውን ወግ ሰው አይረሳም። ገና ከመግባቷ "መጤዋ" አሏት። እሷም ለመጤ የሚገባውን ዝምታ አላወቀችበትም። የደንገል ምንጣፍ ትሠራለች፤ እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ግን ከእጇ ይቀድማል። አንዷ ገዢ ምንጣፉን ዳብሳ "ቀጭን ነው" ብትላት "ወፍራም ከፈለግሽ ባልሽ ላይ ተኚ" አለቻት፤ ገበያው በሙሉ ፈረሰ በሳቅ።

ቶንግዲ ይወዳት ነበር። ሲቆጡት የሚስቅ፣ ሲሰድቡት የሚዘፍን ሰው ነበር። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ሱራሳክ፣ ፒኩን፣ አኑን። የመጨረሻው ገና ሳይራመድ ቶንግዲ ሞተ።

የሩዝ አጨዳ ሰሞን ነው። ጎህ ሊቀድ ሲል ቶንግዲ እንደታነቀ ሰው በጉሮሮው አንኮራፋ። ቡዋላይ ቅዠት መስሏት በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ደግሞ አንኮራፋ። ተነስታ ስትነቀንቀው ጭንቅላቱ እንደ ጨርቅ ወደቀ። ስትጮህ ሁላችን ሮጠን ወጣን፤ ሰውየው ሙቅ ነበር፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ጭረት እንኳን የለም። ከዚያ መንደሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀይ ሸሚዝ ፍለጋ ተሯሯጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለቀብሩ የመጣው ሰው ሁሉ የሚያንሾካሹከው አንድ ነገር ነበር፤ መጤዋ መበለቲቱን ከወንዝ ማዶ አስከትላ መጣች። ሌላው ቢያንሾካሹክም የቶንግዲ እናት እማማ ሉዋን ግን በአደባባይ ጮኸችው።

"ልጄን በላሽው! እኔ ያሳደግሁትን አንቺ በላሽው!"

ቡዋላይ ያን ቀን አልመለሰችም። ትንሹን አኑንን አቅፋ መሬት መሬት አየች። እኔ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ነው። ያቺ ምላሰኛ ሴት፣ ገበያ የምታፈርስ ሴት፣ "ባል በላሽ" ሲሏት ዝም አለች። እውነት መሰላት። ለዓመታት እውነት መሰላት። ቀይ ሸሚዝ ሰቀለች፤ የወንድ ልጆቿን ጥፍር በየሳምንቱ በራሷ እጅ ቀባች። ፒኩን "እኔንስ?" እያለች እጇን ትዘረጋለች። ቡዋላይ ትስቃለች። "አንቺን ማን ይፈልግሻል? መበለቲቱ ሴት አትወስድም።"

ፒኩን ደህና ልጅ ሆና አደገች። ዘፋኝ፣ ተረበኛ፤ የአባቷ ልጅ። አንድ ዓመት የሩዝ ችግኝ ስንተክል፣ ኮረዳ ሳለች፣ ትኩሳት ይዟት ጭቃው ውስጥ በፊቷ ወደቀች። አንስተን ውሃ አፈሰስንባት፤ ተነሳች። "ፀሐይ ነው" አልን። አንዲቱ አሮጊት "አርግዛ ይሆናል" ብላ አሳቀችን። ፒኩን ራሷ "ማንን አይቼ?" ብላ ጭቃ ወረወረችብን። በዚሁ ተረሳ።

ሱራሳክ ሕንፃ ሊሠራ ታይዋን ሄደ። እዚያም ሞተ። እንደ አባቱ በእንቅልፉ፤ ከሥራ ባልደረቦቹ መካከል ተኝቶ። የተቃጠለ አስከሬኑን አመድ ያመጣው አብሮት የሚሠራ የሌላ መንደር ልጅ ነበር። ደረጃው ላይ ጫማውን አውልቆ፣ የአመዱን ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ቡዋላይ ተቀበለችውና የመጀመሪያው ጥያቄዋ ይህ ሆነ።

"ጥፍሩን ቀብቶ ነበር?"

"ቀብቶ ነበር፣ እናቴ። ሁላችንም እንቀባለን።"

"ደህና አድርጎ? ወይስ ተልጦ ነበር?"

"ያን ዕለት ማታ ነው የቀባው። እኔ ነኝ የቀባሁለት።"

ቡዋላይ አመዱን አስቀመጠች። ልጁን አበላችው፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ትኩስ ሩዝ ከነሙዳዩ ሰጠችው። በልቶ እንደሄደ ወደ በሩ ወጣች፤ ሸሚዙን ከነምስማሩ ነቅላ አወረደችው። ቀዳድዳ የጥላሸት ድስት መጥረጊያ አደረገችው።

በማግስቱ የመንደሩ ሹም ካምሲንግ መጣ። እሱ እንኳን መንፈስ የራሱን ጥላም የሚፈራ ሰው ነው።

"ቡዋላይ፣ ሐዘንሽን አከብራለሁ። ግን የአንቺን በር ከፍተሽ ስትተዪ በዚያው ገብታ ወደ እኛ ትመጣለች።"

"ትምጣ! ለሞተው ልጄ ያልሠራ ቀለም ላንተ ይሠራል?"

"ሰው እኮ እየተቆጣ ነው።"

"ስንቱ ነው የተቆጣ? እኔ ባሌና ልጄ ሞተው የተቆጣሁትን ያህል የተቆጣ ካለ ይምጣና እዚህ በሬ ላይ ይቁም። እሱን ሸሚዝ አድርጌ እሰቅለዋለሁ።"

ካምሲንግ ሄደ። እኔን ሲያልፍ "ሴትዮዋ አብዳለች" አለኝ። አላበደችም። ከባሏ ሞት ጀምሮ ውስጧ የተቀበረው ቁጣ ገና መውጣቱ ነበር።

ለዚያ ቁጣ የሚያርፍበት ቦታ ያገኘችለት አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ቡዋላይ ለደም ግፊቷ ወደ ክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ስትሄድ፣ ሐኪሟ "ቤት ውስጥ ድንገት የሞተ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀቻት። አለ አለቻት፤ ማንኮራፋቱንም ነገረቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቡዋላይ ስትነግረኝ "እስክሪብቶ ያስቀመጠ ሐኪም አይቼ አላውቅም" ነው ያለችው።

"እናቴ፣ ልብ የሚመታው በራሱ ኤሌክትሪክ ነው" አለቻት። "መስመሩ ከትውልዱ የተበላሸ ሰው አለ። ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ሩዝ ይሸከማል፤ ይጨፍራል። ሲተኛ፣ ወይም ትኩሳት ሲይዘው፣ መስመሩ ይዘበራረቅበታል። ልቡ መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ደም አይገፋም። ያ የሰማሽው ማንኮራፋት እሱ ነው። መንፈስ አይደለም።"

"ከየት ይመጣል?"

"ከወላጅ። ከደም። ሂጂና የባልሽን ዘመዶች ጠይቂ። የቀሩትንም አምጪልኝ። እስከዚያው ትኩሳት ከያዘ ቶሎ ማብረድ ነው፤ ይህን መድኃኒት ያዢ።"

ቡዋላይ ከአውቶቡሱ ወርዳ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ እማማ ሉዋን ሄደች። እኔ የእማማ ሉዋንን ጣሪያ ስጠግን ስለነበር ሁሉን ከላይ ሆኜ ሰማሁት። አሮጊቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አፍ የሚያቀላውን ቅጠልና ፍሬ ታኝካለች፤ አፏ ቀይ ነው።

"ወንድሞችዎ በምን ሞቱ?" አለች ቡዋላይ፣ ሳትቀመጥ።

"የትኞቹ ወንድሞቼ?"

"ለጋብቻችን ሽማግሌ ሲቀመጥ ወንዝ ወሰዳቸው ያሉኝ ወንድሞችዎ።"

አሮጊቷ ቀይ ምራቋን በሸንበቆ መትፊያው ተፋች። ከላይ ሆኜ መዶሻዬን አስቀመጥሁ።

"ወንዝ ነው የወሰዳቸው?"

"ተኝተው ነው" አለች እማማ ሉዋን። "ሁለቱም ተኝተው። ያኔ ብናገር ማን ልጁን ለልጄ ይድራል? አንቺስ ትገቢ ነበር?"

"እና እኔን ባል በላሽ አሉኝ! አመድ በራሴ ላይ በተኑ! ከእርስዎ ደም ነው! ከእናትዎ ወደ እርስዎ፣ ከእርስዎ ወደ ልጅዎ፣ ከልጅዎ ወደ ልጄ! ከእርስዎ ደም ነው የመጣው!"

ይህን እሷ ራሷ ነው የተናገረችው። ከእናትዎ ወደ እርስዎ። ሁለት ሴት በአንድ ትንፋሽ ጠርታለች። ከዚያች አሮጊት በላይ ምን ማስረጃ አለ? ቀይ አፏን ይዛ፣ ሰማንያ ዓመት አልፏት፣ ያን መስመር ደረቷ ውስጥ ይዛ ተቀምጣለች። ቡዋላይ ጮኸችው እንጂ አልሰማችውም። እኔም ጣሪያ ላይ ሆኜ አልሰማሁትም። ለመቶ ዓመት "ሴት አትወስድም" የተባለ ጆሮ እንዲህ ያለውን ነገር አያሳልፍም።

ከዚያ በኋላ የቡዋላይ ሥራ አኑንን ማትረፍ ብቻ ሆነ። የቀራት እሱ ነው፤ እንዲህ ነበር የምታስበው፤ እንዲህ ነበር ሁላችን የምናስበው። አኑን ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ዛፍ የሚያህል ጎረምሳ፣ መርፌ ግን ይፈራል።

"እኔ ምንም አልሆንኩም፣ እማዬ። ሄጄ በሽታ ልፈልግ?"

"አባትህም ምንም አልሆነም ነበር። ወንድምህም። እስኪሞቱ ድረስ ማንም ምንም አይሆንም!"

"ደግሞ ቢገኝብኝስ? ደረቴን ቀደው ማሽን ሊቀብሩበት ነው አሉ።"

"ማሽን ይቀብሩበት! አንተን ከምቀብር!"

አስማማቻቸው ፒኩን። ያን ጊዜ አግብታለች፤ ባሏ ባንኮክ ሕንፃ ይሠራል፤ እሷ ከእናቷ ጋር ናት፤ ዳው የምትባል አራት ዓመት የሆናት ልጅ አላት። "አንተ ፈሪ፣ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ" አለችው። "መርፌውን እኔ እይዝልሃለሁ፤ አንተ የእኔን ቀሚስ ትይዛለህ።" ስቆ ተነሳ። ልጅቱ ሲያስቁት የሚሸነፍ መሆኑን ታውቃለች።

በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ቡዋላይና አኑን ከሐኪሟ ዘንድ ገቡ። እኔና ፒኩን ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረን። ጉልበቷ ላይ የአኑንን ምሳ ይዛለች፤ ሩዝ በቀርከሃ ሙዳይ፣ የተጠበሰ ዶሮ በሙዝ ቅጠል። ከምሳው መሃል ጎምዛዛ ማንጎ አውጥታ በጨውና በሚጥሚጣ እየበላች የሚያልፉትን ነርሶች በየአካሄዳቸው ስም ታወጣላቸዋለች። አንዷን "ቢላ የሸሸች ዳክዬ" አለቻት። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከግድግዳው ወዲያ ምርመራው አለ፤ ከግድግዳው ወዲህ መመርመር ያለባት ልጅ ማንጎ ትበላለች። ተናደዱ እንግዲህ። እኔ ስናደድ ስንት ጊዜዬ ነው።

አኑን ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጠፈለት። በደም ሥሩ መድኃኒት ሰጥተው እንደገና መስመሩን አዩት። ንጹሕ ነው። ጨርሶ ንጹሕ። ስንመለስ ቡዋላይ ከጎኔ ተቀምጣ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ ሐኪሟ ያለቻትን ሁሉ ደገመችልን።

"'ከቤተሰቡ ሌላ የሚመረመር አለ?' አለችኝ። 'የለም ልጄ፣ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው' አልኳት። የቀረኝን እንኳ ሰጠኝ! የቀረኝን እንኳ!"

ፒኩን ከኋላ ሆና የአኑንን ጥፍር በሥጋ ቢላ ትፍቅለት ነበር፣ ቀይ ቀለሙን። "እንግዲህ ወንድ ሆንክ" አለችው። አንዳችንም "እሷስ?" አላልንም። እሷም አላለችም። ያን ቀን ሁላችን ዘፈንን።

ክረምቱ ገባ። ፒኩንን ትኩሳት ያዛት። ክረምት ሲገባ ግማሹ መንደር ይታመማል፤ ማን ልብ ይላል? ቡዋላይ ጨርቅ አርጥባ ግንባሯ ላይ አደረገችላት። ሩዝ በውሃ ቀቅላ አበላቻት። "ተኚ፣ ላብ ሲያልብሽ ይለቅሻል" አለቻት። ሐኪሟ የሰጠቻት የትኩሳት መድኃኒት ለአኑን ተብሎ እዚያው ምሰሶው ላይ፣ በፌስታል፣ ተንጠልጥሎ ነበር። ፒኩን የተኛችው ከዚያ ምሰሶ ሥር ነው።

ቀትር ላይ ነው፣ ዝናብ እየወረደ። ቡዋላይ ከቤቱ ሥር፣ ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርገው በያዙት ምሰሶዎች መካከል፣ ምንጣፏን ትሠራለች። ዳው አጠገቧ በደንገል ትጫወታለች። ከላይ፣ ከወለሉ ወዲያ፣ ማንኮራፋት መጣ። ቡዋላይ ያን ድምፅ ታውቀዋለች። እንደ ታነቀ ሰው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከጆሮዋ ያልወጣ ድምፅ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አላውቅም። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ ልጅቷ ላይ ተንበርክካ ደረቷን በሁለት እጇ ትደቃለች፤ ጤና ጣቢያ እንዳስተማሩን። "ተነሺ! አንቺ አይደለሽም! ተሳስቷል! አንቺ አይደለሽም!" ትላለች። አኑን ተካት። እኔ መኪናዬን አስነሳሁ። ካምሲንግና ሌሎቹ መጥተው ከደረጃው ሥር ቆመዋል፤ "ራሷን ስታ ነው፣ አየር ስጧት፣ ሴት ናት ምንም አትሆንም" ይላሉ። ቀይ ጥፍራቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው። መኪናው ውስጥ አኑን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ደቃት። እዚያ ሐኪሞቹ ተቀበሉት። ኤሌክትሪኩን ደጋገሙባት። አልተመለሰችም።

ያቺ ወጣት ሐኪም ሰምታ ወረደች። ቡዋላይን ኮሪደሩ ውስጥ አገኘቻት።

"እናቴ... ማን ናት?"

"ልጄ ናት።"

"የማን ልጅ?"

"የእኔ! የእኔና የቶንግዲ! የሱራሳክ እህት!"

የሐኪሟ ፊት ተለዋወጠ።

"ሴት ናት እኮ!" አለች ቡዋላይ። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየን። "ሴት ናት! ሴት እንደሚገድል ለምን አልነገርሽኝም? ለምን?"

"ለሴትም ለወንድም እኩል ነው የሚወርደው" አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። "ወንዶቹን አብዝቶ ይገድላል፤ ሴቶቹ ይዘውት ያረጃሉ። ግን ሁሉም አያረጁም። እኔ... ሌላ የሚመረመር አለ ወይ ብዬሽ ነበር፣ እናቴ።"

ቡዋላይ ቁጭ አለች፣ ወለሉ ላይ። ካወቅኋት ጀምሮ መልስ አጥታ ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው እማማ ሉዋን "በላሽው" ያለቻት ቀን ነው።

አኑን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ እጆቹን ያያል፤ ሲደቋት የነበሩ እጆቹን። "እኔ ውስጥ ተኝቼ ሳለሁ" አለ፣ "እሷ ምሳዬን ይዛልኝ ውጭ ነበረች።"

ቀብሩ አለፈ። መንደሩ ምን አለ መሰላችሁ? ትኩሳት ነው አለ። ወባ ነው አለ አንዱ። የሰይጣን ነፋስ አለች አንዷ። አንድም ሰው "ያ በሽታ ነው" አላለም፤ ምክንያቱም መበለቲቱ ሴት አትወስድም። አንድ ሴት ከሞተች ሌላ ነገር ነው የገደላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከዝናቡ መውጫ በኋላ መበለቲቱ ለወሰደቻቸው ሰዎች በየዓመቱ ምጽዋት እናደርጋለን። መነኮሳቱ ያዜማሉ፤ ከዚያ የመንደሩ አዋቂ ተነስቶ የተወሰዱትን ወንዶች በየስማቸው ይጠራል፤ "ልቀቂልን" ይላል። ቡዋላይ ሸሚዙን ከነቀለች ወዲህ መጥታ አታውቅም። ያን ቀን መጣች። ዳውን እጇን ይዛ ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጠች።

አዋቂው ጠራ። የእማማ ሉዋንን ሁለት ወንድሞች ጠራ። ቶንግዲን ጠራ። ሌሎቹን ጠራ። ሱራሳክን ጠራ፤ አቆመ።

"ፒኩንን ጥራ" አለች ቡዋላይ።

"እትዬ፣ ፒኩን እኮ በትኩሳት..."

"ፒኩንን ጥራ!"

ካምሲንግ ከተቀመጠበት ሆኖ "ቡዋላይ፣ ወጉን አታበላሺ። ይህ ለወንዶቹ ነው። አንቺ ደግሞ በመበለቲቱ አላምንም ብለሽ ሸሚዝሽን ያወረድሽ ሴት ነሽ፤ ዛሬ ምን ነካሽ?" አለ።

ተነሳች። ስታወራ ድምፅዋ አልጮኸም፤ ለዚህ ነው ሁላችን የሰማናት።

"አዎ፣ አላምንም ብዬ ነበር። ሸሚዙን ከበሬ አወረድሁ። ከጭንቅላቴ ግን አላወረድሁትም። 'ሴት አትወስድም' ያላችሁኝን እንደ ጸሎት ይዤው ኖርኩ። የልጄን ነፍስ የበላው እሱ ነው፤ መንፈስ አይደለም፣ ደም ብቻም አይደለም። እናንተ ጥፍራችሁን እየቀባችሁ ስትተኙ ሴቶች ልጆቻችሁን ማን ያያል? አንተ ካምሲንግ፣ ወንድምህ ተኝቶ ሞተ፤ እህትህ ደግሞ በትኩሳት ሞተች አላችሁ። ጠይቀሃል? ማንም ጠይቋል?"

ካምሲንግ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ከኪሱ ከተተ። የእህቱን ነገር እኔም አስታወስሁ፤ ልጅ ሳለን ነው፤ እኛም ትኩሳት ነው ብለን ነበር የቀበርናት።

አዋቂው ምን ያደርግ? ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ መነኩሴውን አዩ። መነኩሴው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አዋቂው ስሟን ሳይጠራ ዕጣኑን አጠፋ። ያን ጊዜ እማማ ሉዋን፣ ከጥግ፣ በምርኩዟ ተንቀጥቅጣ ተነሳች። በዚያ ቀይ አፏ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ "ፒኩን" አለች። የልጅ ልጇን ስም ጠርታ ተቀመጠች። ቡዋላይ አማቷን አላየቻትም። ይቅርታ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። አልተደረገም፤ መደረግም የለበትም።

በማግስቱ ጠዋት ቡዋላይ በሬን መታች። ዳውን አዝላታለች። "ክፍለ ሀገር ውሰደን" አለችኝ። ሚስቴ ከቤት ወጥታ እያየችን ነበር፤ ወደ ውስጥ ተመልሳ የሁለቱን ሴቶች ልጆቻችንን ጫማ ይዛ ወጣች። ልጆቼን ከኋላ ጫንኳቸው። አኑን አብሯቸው ተቀመጠ፤ ምሳውን ይዟል።

በሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። አንገቷን ሳታነሳ ጠየቀች።

"ማን ነው የሚመረመረው?"

"እሷ።"

"ምን ታማ?"

"አልታመመችም። እናቷ እስክትሞትም አልታመመችም ነበር።"

ልጅቷ ቀና አለች። ዳውን አየቻት፤ ዳው በአያቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል።

"ወንድ ነው ሴት?" አለች።

"ሴት" አለች ቡዋላይ። "ሴት ብለሽ ጻፊ። ልጄ፣ እንዳትረሺ፤ አጉልተሽ ጻፊ።"